ሥጋ በል የውሃ ዕፅዋት፦ ድህነት ያኖራቸው፣ ጥጋብ የሚገድላቸው

ተክል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ያዘጋጃል፣ እንስሳ ተክሉን ይበላል፣ ሰው ደግሞ ሁለቱንም ይበላል። ይህን ተራ ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ሁላችንም እንደ ሀ ሁ በቃላችን ይዘነዋል። ይሁን እንጂ ተፈጥሮ ለመማሪያ መጽሐፍ አትገዛም። ተራውን ገልብጠው እንስሳ እያጠመዱ የሚበሉ ከ700 በላይ የዕፅዋት ዝርያዎች በዓለም ላይ ይታወቃሉ። ከእነዚህ መካከል ወደ 50 የሚሆኑት ኑሯቸው ውሃ ውስጥ ነው። ሥር የላቸውም፣ መሬት አይነኩም፣ በረጋ ውሃ ላይ እየተንሳፈፉ ያድናሉ። የዚህ ቤተሰብ አባላት በአገራችንም ይገኛሉ።

ውድ የትምህርት ክፍላችን አንባቢዎች፣ «የጋዜጠኝነት ተማሪ ከዕፅዋት ጋር ምን አገናኘው?» ትሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን ቀስ ብዬ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ከማውቀው አገር ልነሳ።

ለቆላው ሰው አዲስ ያልሆነ ነገር

ጎብዬ፣ ሮቢትና ቆቦ አካባቢ ላደገ ሰው ያልተለመደ አመጋገብ ያለው ተክል ብርቅ አይደለም። ማሽላው ዝናብ አግኝቶ ሽቅብ እያለ ሳለ በድንገት የተጠማ መስሎ ይጠወልጋል። ዝቅ ብሎ ለተመለከተ ከሥሩ አጠገብ ሐምራዊ አበባ ያለው አጭር ተክል ቆሟል። ይኸው ነው አቀንጭራ የሚባለው። ገበሬው አበባውን ሲያይ ግን ጉዳቱ ከመሬት በታች ካለቀ ሰንብቷል።

የአቀንጭራ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ ነው። አንዱ ተክል ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይጥላል፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ተኝቶ ከአሥር ዓመት በላይ መጠበቅ ይችላል። የሚነቃው አጠገቡ የማሽላ ወይም የበቆሎ ሥር መኖሩን የሚነግረው ኬሚካል ሲደርሰው ነው። የሚገርመው ታዲያ ማሽላው ያንን ኬሚካል የሚለቀው ለአቀንጭራ ብሎ አለመሆኑ ነው። አፈሩ ውስጥ ፎስፈረስ ሲያጥረው፣ ፎስፈረስ ፈልገው የሚያመጡለትን ጠቃሚ ፈንገሶች ለመጥራት ነው። ድሃው ማሽላ «እርዱኝ» ብሎ ሲጣራ ጥሪውን ሌባ ሰማው እንደማለት ነው። ለዚህም ነው አቀንጭራ በተራቆተ መሬት የሚበረታው፣ ፍግና ማዳበሪያ ባገኘ መሬት ደግሞ የሚደክመው።

እዚህ ላይ የአገራችን ስም ይነሳል። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት አቀንጭራንና ድርቅን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣታቸው ነው። የምርምሩ ቁልፍ አቀንጭራን የሚቀሰቅሰውን ምልክት እምብዛም የማያወጣ ማሽላ ማግኘት ነበር። በአገራችን ለገበሬ ከተለቀቁት እንዲህ ያሉ ዝርያዎች አንዱ «አብሽር» ሲባል ሌላው ደግሞ «ጎብዬ» ይባላል።

አቀንጭራ ሥጋ በል አይደለም፤ ጥገኛ ነው። የሚዘርፈው ተክልን እንጂ እንስሳን አይደለም። ያነሳሁት አንድ ነገር በደንብ ስለሚያስተምረን ነው። ተክል እንግዳ አመጋገብ ሲያመጣ ስናይ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን «ምን ቢያጣ ነው?» ብለን ነው። አሁን ከማሽላው ማሳ ወጥተን ወደ ውሃው እንሂድ።

ስልቻ የተሸከመው አዳኝ

ከውሃ ውስጥ ሥጋ በል ዕፅዋት ብዙ ዝርያ ያለው ወገን በሳይንሳዊ ስሙ ዩትሪኩላሪያ ይባላል። ስሙ የመጣው ትንሽ የቆዳ ከረጢት ማለት ከሆነ የላቲን ቃል ነው። የእኛ ሰው ቢሰይመው ኖሮ ያለጥርጥር «ስልቻ» ይለው ነበር። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ባለስልቻ እያልኩ እጠራዋለሁ። በየብስና በውሃ የሚኖሩት አንድ ላይ ሲቆጠሩ ከ200 በላይ ዝርያዎች አሉት። ዩትሪኩላሪያ ስቴላሪስ፣ ዩትሪኩላሪያ ኢንፍሌክሳና ዩትሪኩላሪያ ጊባ የተባሉት በውሃ የሚኖሩ ዝርያዎች ከኢትዮጵያ ተመዝግበዋል።

ከላይ ለሚያየው ሰው ባለስልቻ የሚያስፈራ አንዳች ነገር የለውም። እንደ ተበተነ አረንጓዴ ክር የሆነ ነገር ውሃ ውስጥ ተንጠልጥሎ ይታያል። ሲያብብ ብቻ ቀጭን ዘንግ ከውሃው በላይ ያወጣና ትንንሽ አበባ ይሰቅላል። ስቴላሪስ የተባለው አበባው ቢጫ ነው፤ ዘንጉ እንዳይሰምጥ ደግሞ አየር የቋጠሩ ተንሳፋፊዎች በኮከብ ቅርጽ ዙሪያውን ይደግፉታል። ስሙም ኮከባዊ ማለት ነው። አበባው ከውሃ በላይ፣ ወጥመዱ ከውሃ በታች በመሆኑ አበባውን የሚያዳቅሉለትን ነፍሳት አይበላም። ወዳጁንና ምግቡን በፎቅ ለይቷል ማለት ነው።

ሥራው ያለው ከታች ነው። በክሮቹ ላይ በብዛት የተንጠለጠሉ፣ አብዛኞቹ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጡ ስልቻዎች አሉ። እያንዳንዱ ስልቻ ወደ ውስጥ ብቻ የሚከፈት በር አለው፤ በሩ ላይ ደግሞ ቀጫጭን ፀጉሮች ቆመዋል። ግድግዳው ላይ ያሉ እጢዎች ውሃውን ከውስጥ ወደ ውጭ ያለማቋረጥ ይገፋሉ። ውሃው ሲቀንስ የስልቻው ጎን ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ውስጡ ያለው ግፊት ከውጪው ያንሳል። በሩ ግን ተዘግቶ ይጠብቃል።

ነገሩን ለማየት ቤተ ሙከራ መግባት አያስፈልግም። ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ ውሰዱ። በእጃችሁ ጨምቃችሁ አፉን ባልዲ ውሃ ውስጥ ንከሩትና ልቀቁት። ፕላስቲኩ ወደ ቅርጹ ሲመለስ ውሃውን ስቦ ያስገባል። ባለስልቻው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አንዲት የውሃ ቁንጫ እየዋኘች መጥታ ፀጉሩን ስትነካ በሩ ይታጠፋል፣ ጎኑ ይለቀቃል፣ ውሃው ከነቁንጫዋ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በፈጣን ካሜራ በተደረገ ምርምር እንስሳውን የመሳቡ ሥራ ከአንድ ሺኛ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ እንደሚጠናቀቅ ተለክቷል። ውሃው ሲገባ የሚደርስበት ፍጥነት ጭማሪ ከመሬት ስበት እስከ 600 እጥፍ ይሆናል። ከዚያ በኋላ እጢዎቹ ውሃውን መልሰው ማውጣት ይጀምራሉ፤ በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ ወጥመዱ እንደገና ይጠመዳል።

ይህን ምስጢር ለመፍታት ረጅም ጊዜ ፈጅቷል። ታዋቂው ቻርለስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1875 ስለ ነፍሳት በል ዕፅዋት ባሳተመው መጽሐፍ እንስሳቱ በሩን በጭንቅላታቸው ገፍተው የሚገቡ መስሎት ነበር። በዚያው ዘመን በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ትኖር የነበረች ሜሪ ትሪት የተባለች ተመራማሪ ግን በማይክሮስኮፕ ስር ለረጅም ሰዓት ተቀምጣ እንስሳቱ ተስበው ሲገቡ አየች። ታላቁ ሳይንቲስት የገመተውን እርሷ በዓይኗ አረጋገጠች። ይህ ለእኛም የሙያ ትምህርት ነው።

ስልቻው ውስጥ ገብቶ የታሰረው እንስሳ ኦክስጅን ያጥረዋል፣ ይሞታል፤ ከዚያ ኢንዛይሞች ያሟሙታል። ነገር ግን ስልቻው ሁሉ መቃብር አይደለም። ባክቴሪያና ደቃቅ አልጌዎች ውስጡ ገብተው ሳይሞቱ የሚኖሩበትም ጊዜ አለ። እነዚህ ነዋሪዎች ምግቡን በማብላላት ተክሉን እንደሚረዱት ተመራማሪዎች ይገልጻሉ።

ሥጋ ለምን አማረው?

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት እናርም። ባለስልቻው እንስሳ የሚበላው ኃይል ለማግኘት አይደለም። እንደማንኛውም አረንጓዴ ተክል ኃይሉን የሚያገኘው ከፀሐይ ነው። የጎደለው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። የብስ ላይ ያለ ተክል እነዚህን በሥሩ ከአፈር ይለቅማል። ሥር የሌለው፣ ንጹሕ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ተክል ከየት ያመጣል? የውሃ ቁንጫዋ ሥጋ ለእርሱ የማዳበሪያ ከረጢት ናት።

ወጥመድ ደግሞ በነጻ አይገኝም። ስልቻ መሥራት፣ ውሃ መግፋት፣ ኢንዛይም ማውጣት ሁሉ ወጪ ነው። እያንዳንዱ ስልቻ ለቅጠል ሊውል የሚችል ሀብት ይወስዳል። ንግዱ የሚያዋጣው ብርሃን በበዛበት ግን ማዕድን በጠፋበት ውሃ ብቻ ነው። በአንዳንድ ዝርያዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ውሃው በማዕድን ሲበለጽግ ተክሉ የስልቻዎቹን ቁጥር እንደሚቀንስ ታይቷል። አዋጪ ያልሆነ ሱቅ እንደመዝጋት ነው።

ይህ ቁጠባ እስከ ዘር መዝገቡ ድረስ ሳይሆን አይቀርም የሚያሰኝ ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የዩትሪኩላሪያ ጊባ ዲ ኤን ኤ ሙሉ በሙሉ ሲነበብ 82 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ ሆኖ ተገኘ። የሰው ወደ 3 ቢሊዮን ይጠጋል። በዚያች ጠባብ መዝገብ ውስጥ ግን 28 ሺህ 500 ገደማ ጂኖች ተጨናንቀው ይገኛሉ፤ ይህም ከእኛ ጂኖች ቁጥር ይበልጣል።

ብርቅዬው ባለመንኮራኩር

ሌላው የውሃ አዳኝ አልድሮቫንዳ ይባላል። ቅጠሎቹ በግንዱ ዙሪያ እንደ ጋሪ ጎማ ራዲየስ ስለተሰደሩ «የውሃ መንኮራኩር» እየተባለ ይጠራል። ይህ የሚሠራው በመምጠጥ አይደለም። በእያንዳንዱ ቅጠል ጫፍ ላይ እንደ ተከፈተ ዛጎል ሁለት ክፋይ ያለው፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚሆን ወጥመድ አለ። ውስጡ ያሉት ፀጉሮች ሲነኩ ዓይን ከመርገብገቡ ፈጥኖ ይከደናል። ከውሃ በታች እንዲህ የሚከደን ወጥመድ ያለው ተክል እርሱ ብቻ ነው።

አኗኗሩም ይገርማል። ከፊት በኩል በየቀኑ ያድጋል፤ ከኋላ በኩል ይሞታል። ርዝመቱ ስለዚህ ብዙም ሳይለወጥ ተክሉ ራሱ ይታደሳል። ከአንዱ ረግረግ ወደ ሌላው ለመሻገር ደግሞ በውሃ ወፎች እግርና ላባ ላይ ተጣብቆ እንደሚጓዝ ይታመናል። ለዚህም ነው በአውሮፓ፣ በእስያ፣ በአውስትራሊያና በአፍሪካ በጣም በተራራቁ ቦታዎች የሚገኘው። በቦትስዋና የሚገኘው የኦካቫንጎ ረግረግ ከአፍሪካ መኖሪያዎቹ አንዱ ነው።

መኖሪያው ሰፊ ይምሰል እንጂ ቁጥሩ አሽቆልቁሏል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2012 ለመጥፋት የተጋለጠ ብሎ መድቦታል፤ በዓለም ላይ መኖሩ የተረጋገጠባቸው ቦታዎችም 50 ገደማ ብቻ መሆናቸው ተገልጿል። ከዚህ በፊት በብዙ መቶ ቦታዎች ይታወቅ ነበር። ማን አጠፋው? መልሱ አደን ወይም ለቀማ አይደለም። ረግረግ መድረቁና ውሃው መበልጸጉ ነው።

ጥጋብ እንዴት ይገድላል?

ከእርሻ በጎርፍ የታጠበ ማዳበሪያ፣ ከከተማ የወጣ ፍሳሽ፣ የከብት ፍግ ሁሉ መጨረሻው ውሃ ነው። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሲገቡ አልጌ ይፈላል። ውሃው ይደፈርሳል፣ ብርሃን ወደ ታች አይወርድም። አልጌው በባለስልቻው ክሮች ላይ ሳይቀር ይለጠፋል። ብርሃን ያጣ ተክል ደግሞ የወጥመዱን ወጪ መሸፈን አይችልም። ከዚያ በፍጥነት የሚያድጉ ሌሎች ዕፅዋት መጥተው የውሃውን ፊት ይሸፍኑታል። በሌላ አባባል ባለስልቻው በረሃብ አይሞትም፤ ጎረቤቶቹ ሲጠግቡ ነው የሚሞተው።

የእነዚያን ጎረቤቶች አለቃ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እምቦጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መታየቱ ከታወቀ ወዲህ ስንት ሺህ ሰው በእጁ እየነቀለ ያወጣው፣ ስንት ዜና የተሠራለት አረም ነው። እምቦጭና ባለስልቻ ሁለቱም ተንሳፋፊ ናቸው፣ ሁለቱም የሚያምር አበባ አላቸው። ጠባያቸው ግን እንደ ሰማይና ምድር ነው። ባለስልቻ የድሃ ውሃ ተክል ሲሆን እምቦጭ የሀብታም ውሃ ተክል ነው። በሞቀና በማዕድን በበለጸገ ውሃ ላይ እምቦጭ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንዱ ረግረግ ላይ ባለስልቻ ሲያብብ ማየት «ይህ ውሃ ገና አልቆሸሸም» የሚል ምስክርነት ነው። እምቦጭ መንጣለሉ ደግሞ ክሱ ነው። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ቢመዘገብም መዝገብ ብቻውን ከዙሪያው የሚወርደውን ጎርፍ አያጣራም።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ጎብዬ ማሳ ላይ ሲገባ መድኃኒት ነው፤ ማሽላውን ያጠነክራል፣ አቀንጭራን ያደክማል። ያው ኩንታል በጎርፍ ታጥቦ ኩሬ ሲገባ መርዝ ነው። ማዳበሪያው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቦታው ነው። «ማዳበሪያ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብሎ መጠየቅ ስለዚህ የትም አያደርስም። ጥያቄው «የት ቀረ?» የሚለው ነው። እርከን የሚሠራ፣ የወንዝ ዳር ሣር የማያርስ፣ ፍጉን ከማሳው እንዳይወጣ የሚይዝ ገበሬ ማሽላውንም ውሃውንም በአንድ ጊዜ ይጠቅማል።

ለቆላው ምኑ ነው?

«እኛ ዘንድ ሐይቅ የለ፣ ረግረግ የለ፣ ምን ያሳስበናል?» የሚል አይጠፋም። ራያ ውሃ የለውም ማለት ግን አይደለም። ጎሊናን የመሰሉ ወንዞች አሉት፣ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳ መጥለፍ ከጥንት የቆየ ሙያ ነው፤ በቆቦ ሜዳ የከርሰ ምድር ውሃ ወጥቶ መስኖ ተዘርግቷል። መስኖ ሲስፋፋ ቦይና ኩሬ ይበዛል። ቦይና ኩሬ ሲበዛ ደግሞ የወባ ትንኝና የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣ ይከተላል። ቢልሃርዚያ በሰሜን በዋጃ፣ በደቡብ በሐይቅ አካባቢ በጥናት የታወቀ በሽታ ነው።

በዚህ ጉዳይ ባለስልቻ አንድ የሚያስደንቅ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1970 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት ባለስልቻ የአንጀት ቢልሃርዚያ አምጪ የሆነውን ጥገኛ ትል በውሃ ውስጥ በሚዋኝበት የእጭነት ዕድሜው ሲያጠምደው ታይቷል። የወባ ትንኝ ትንንሽ እጮችንም እንደሚበላ በሌሎች ሙከራዎች ታውቋል። ይህ ግን የቤተ ሙከራ ውጤት ነው። «ተክሉን ቦዩ ውስጥ ጨምረን በሽታውን እናጥፋ» የሚል መደምደሚያ ላይ አያደርስም። አጎበሩም፣ መድኃኒቱም፣ መጸዳጃ ቤቱም እንዳሉ ናቸው። የሚያስተምረን ሌላ ነገር ነው። ንጹሕ ረግረግ ባዶ ቦታ አይደለም፤ በውስጡ የሚበላና የሚበላላ፣ እርስ በርሱ የሚጠባበቅ ሠራዊት አለው። ስናደርቀው ወይም ስናቆሽሸው ያንን ሠራዊት ነው የምንበትነው።

የጋዜጠኛው ድርሻ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ሥጋ በል ዕፅዋትና ጋዜጠኝነት የቆየ ታሪክ አላቸው፤ ታሪኩም አያኮራም። እ.ኤ.አ. በ1874 ኒው ዮርክ ወርልድ የተባለው ጋዜጣ በማዳጋስካር ደሴት ሰው የሚበላ ዛፍ እንዳለ የሚተርክ ጽሑፍ አወጣ። አንዲት ሴት ለዛፉ ስትሰዋ አይቻለሁ የሚል ጀርመናዊ አሳሽ በምስክርነት ቀረበ። አሳሹም ዛፉም ፈጠራ ነበሩ። ጽሑፉን የፈጠረው ኤድመንድ ስፔንሰር የተባለ የጋዜጣው ጸሐፊ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ወሬው በሌሎች ጋዜጦች እየተደጋገመ ዓለምን ዞረ። ማስተባበያው ከወጣ ከ36 ዓመት በኋላ እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ1924፣ የሚቺጋን ግዛት አስተዳዳሪ የነበሩ ቼዝ ኦዝቦርን ማዳጋስካርን «የሰው በላው ዛፍ አገር» ብለው መጽሐፍ ጽፈዋል።

እስቲ አስቡት! የዳርዊን መጽሐፍ የወጣው ከዚያ የውሸት ዜና አንድ ዓመት በኋላ ነው። እውነተኛው ተክል በአንድ ሺኛ ሴኮንድ እያደነ በየኩሬው ተንሳፎ ሳለ አንባቢ የተመገበው የሌለውን ዛፍ ነበር። ውሸቱ ያስፈራል እንጂ አያስተምርም። እውነቱ ግን ስለ ውሃ፣ ስለ አፈር፣ ስለ በሽታና ስለ እርሻ ይናገራል።

በእኛም አገር ስለ ውሃ የምንሠራው ዜና ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው። እምቦጭ ሲንጣለል ካሜራ እንልካለን፤ ውሃው ንጹሕ በነበረበት ጊዜ ግን ማን ይኖርበት እንደነበር አልመዘገብንም። መረጃ የለም ማለት ግን አይቻልም። የኢትዮጵያና የኤርትራን ዕፅዋት የሚዘረዝረው ታላቅ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ተጠናቋል። የደረቁ ናሙናዎቹም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ተቀምጠዋል። የጎደለው ያንን እውቀት ከመደርደሪያ አውርዶ በሚገባ አማርኛ ለሕዝብ የሚያደርስ ሰው ነው። ይህ ደግሞ የባዮሎጂ ክፍል ብቻ ሳይሆን የእኛም ሥራ ነው።

ስለዚህ የክፍል ጓደኞቼ፣ ለልምምድ ወደየአገራችሁ ስትወጡ ምንጩን፣ ኩሬውን፣ ረግረጉን ዝም ብላችሁ አትለፉት። ከብት የሚጠብቁትን ልጆችና ውሃ የሚቀዱትን እናቶች ጠይቁ። ድሮ ምን ይበቅልበት ነበር? አሁንስ? የትኛው አበባ ጠፋ? የትኛውስ በዛ? መልሱን ከነቀኑና ከነቦታው ጻፉት። ዛሬ ተራ የሚመስል ማስታወሻ ነገ ያ ውሃ ሲለወጥ ብቸኛው ምስክር ሊሆን ይችላል።